ፍሬን በሌለው ሞተር ላይ የሚያድጉ ልጆች

ፍሬን የሌለው ሞተር ቢስክሌት አለ ቢባል ብዙ ሰው ተበላሽቶ ጋራዥ የገባ ሞተር ነው ብሎ ይገምታል። ነገር ግን ሆን ተብሎ፣ በውድድር ሕግ ታዞ፣ ያለ ፍሬን የሚሠራ ሞተር አለ። ይህንኑ ሞተር በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር በላይ እየነዱ፣ አራት ሆነው ክንድ ለክንድ እየተነካኩ፣ በጠባብ ክብ ሜዳ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል ገና ጢም ያላበቀሉ፣ ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ውለው ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ የሚሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ጨዋታው ስፒድዌይ ይባላል።

ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለ ሆነ አስቀድሜ ሥርዓቱን በአጭሩ ልንገር። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ዙሪያው ከ260 እስከ 425 ሜትር ይደርሳል፤ እንግዲህ ሯጮች ከሚሮጡበት የ400 ሜትር ሜዳ ጋር የሚቀራረብ ነው ማለት ነው። አስፋልት የለበትም፤ የተፈጨ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተደልድሎበታል። አራት ነጂዎች በተዘረጋ ጥብጣብ ፊት ይሰለፋሉ፤ ጥብጣቡ ወደ ላይ ሲፈናጠር ይነሣሉ፤ ወደ ግራ ብቻ እየዞሩ አራት ዙር ሲፈጽሙ ሩጫው ያበቃል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። አንደኛ የወጣው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ይቀበላል፤ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር 500 ሲሲ ሲሆን የሚጠጣው ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የሚባል የአልኮል ዓይነት ነው። የሚለዋወጥ ማርሽ የለውም። ክብደቱ ከ77 ኪሎ እንዳያንስ ተወስኗል። ፍሬን የተከለከለበትም ምክንያት ቀላል ነው፤ የፊተኛው በድንገት ቢያቆም የኋለኛው ላዩ ላይ ይወጣበታልና።

ታዲያ ፍሬን ከሌለው በምን ይታጠፋል? የስፒድዌይ ነጂ ወደ ግራ ሲታጠፍ የፊት ጎማው የሚያመለክተው ወደ ቀኝ ነው። ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ነጂው ነዳጁን አብዝቶ ሲሰጥ የኋላው ጎማ አፈሩን እየቧጠጠ ይሽከረከራል፤ መሬቱን መያዝ ስለሚያቅተውም ወደ ውጭ ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ይመልሳል፤ ሰውነቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ብረት የተለበጠውን የግራ ጫማውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሞተሩን በጎኑ እያንሸራተተ ያዞረዋል። የሚያዞረው እንግዲህ የነዳጁ ኃይል ራሱ ነው።

የትምህርቱም ጭንቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሰው ሲፈራ እጁ ነዳጁን ይዘጋል፤ በመንገድ ላይ ይህ ደግ ጠባይ ነው። በስፒድዌይ ግን በመታጠፊያው መካከል ነዳጁን ድንገት የዘጋ ልጅ የኋላው ጎማ ወዲያው መሬቱን ይጨብጥበታል፤ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ይነሣና ልጁን ወደ ውጭው አጥር ይወረውረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚማረው ፍርሀት «ዝጋ» ሲለው አለመዝጋትን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከፊቱ ያለው ቢወድቅበት ነዳጁን ዘግቶ የገዛ ሞተሩን በጎኑ መሬት ላይ ማስተኛት፣ ራሱም አብሮ መውደቅ አለበት፤ አለዚያ በወደቀው ላይ ይሄድበታል። አንዱ ትእዛዝ ክፈት፣ ሌላው ዝጋ ይላል፤ ሁለቱን ለይቶ ለመፈጸም ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም።

እኛ በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ለተማሪው ሕጉን ከነምክንያቱ ነግረነው አስቦ እንዲመልስ እንጠብቃለን። ይህ ግን አእምሮ ሳያስብ እጅ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በ20 ዓመቱ ቢጀምረው ይማረው ይሆናል፤ ሆኖም ዋጋው በአጥንት ይከፈላል።

በጥንቱ ዘመን ግን የሚጀመረው እንደዚያ ነበር። የስፒድዌይ ልደት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው በአውስትራሊያ በሜይትላንድ ከተማ ጆኒ ሆስኪንስ የተባለ ሰው በ1923 ካሰናዳው ውድድር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1928 ለንደን አጠገብ ሃይ ቢች በተባለ ስፍራ ሲደረግ ከታሰበው በላይ ሕዝብ ጎረፈ፤ በ1936 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በዌምብሌይ ሜዳ ተካሄደ። በእነዚያ ዓመታት የሚነዱት በመንገድ ላይ ሞተር የለመዱ ጎልማሶች ነበሩ። አስተማሪ አልነበራቸውም፤ የበረታው ይቀጥላል፤ ያልበረታው ይሰበራል ወይም ይተወዋል። የቀሩትን ብቻ አይቶ «እነዚያ ሰዎች እንዴት ብርቱ ነበሩ» ማለት ቀላል ነው። የተሰበሩትን ግን የቆጠራቸው የለም።

ለጀማሪ ቦታ ማዘጋጀት ምን ያህል እንደሚጠቅም በግልጥ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1968 የእንግሊዝ ሊግ ሁለተኛ ምድብ ከፈተ። ትልልቆቹ ቡድኖች ወጣቶቻቸውን በዚያ እንዲያሳድጉ ዕድል ተገኘ። የማንቸስተሩ ቤል ቪው ቡድን የራሱን ወጣቶች በዚህ ምድብ አሰልፎ በመጀመሪያው ዓመት አሸነፈ፤ በኋላም ይህ የወጣቶች ቡድን ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሮችዴል ተዛወረ። በ1971 ፒተር ኮሊንስ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በሮችዴል ሲነዳ ታየ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1976 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ተሰጥዎው የራሱ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን በ17 ዓመቱ ከዓለም ምርጦች ጋር በየሳምንቱ ቢሰለፍ ኖሮ የሚያየው የሌሎችን ጀርባና የሚረጩትን አፈር ብቻ ነበር። በሮችዴል ግን ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ተማረ። ማሸነፍም እንደ ማንኛውም ነገር ልምምድ ይፈልጋል።

ከደረጃው ዘልሎ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሌላው እንግሊዛዊ ታይ ዎፊንደን አሳይቷል። በ1990 በስካንቶርፕ ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄደ፤ አባቱም የስፒድዌይ ነጂ ነበር። በ15 ዓመቱ ግድም ተመልሶ በእንግሊዝ ሦስተኛ ምድብ ለትውልድ ከተማው ነዳ፤ በዚያም ደኅና ተራመደ። ነገር ግን በ2010፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሚለይበት ከታላቁ ግራንድ ፕሪ ተወዳዳሪዎች ጋር ሙሉውን ዓመት ተሰለፈ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ አባቱ ሞቶበት ነበር። ነገሩ አልቀናውም፤ ከመጨረሻዎቹ መካከል ሆነ። ወደ ታች ተመልሶ እንደገና ከተሠራ በኋላ በ2013 ተመልሶ መጣና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2015ና በ2018ም ደገመው። በ2010 ተስፋ ቢቆርጥ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ባልነበረ።

የጀማሪው ማዕድ

ዛሬ ስለ ወጣት ነጂዎች የሚነገረው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ፖላንድ ያደርሳል። በዚያ አገር ስፒድዌይ ዡዠል ይባላል፤ ትርጉሙ ከምድጃ የሚወጣ የተቃጠለ ከሰል ፍርፋሪ ማለት ነው፤ የድሮዎቹ ሜዳዎች የሚደለደሉት በእርሱ ነበርና። ሊጋቸው የተጀመረው በ1948 ነው። በመካከለኛ ከተሞች፣ የእግር ኳስ ቡድናቸው ብዙም ስም በሌለው ቦታ፣ የዡዠል ሜዳው በእሑድ ቀን ጢም ብሎ ይሞላል። ሆኖም ሕዝቡ እንዲህ እየወደደው ለብዙ ዘመን ዘውዱ ራቀባቸው። የመጀመሪያው ፖላንዳዊ የዓለም ሻምፒዮን የዢ ሽቻኬል በ1973 አሸነፈ፤ ሁለተኛው ቶማሽ ጎሎብ እስኪመጣ ድረስ 37 ዓመት ተጠበቀ። ሦስተኛው በ2019 መጣ፤ እርሱም እንደ መጣ አልወጣም።

ይህ ሦስተኛው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ ይባላል። በ1995 ተወልዶ ኪኒጼ በተባለች ትንሽ መንደር አደገ፤ በሞተሩ ላይ የሚለጥፈው 95 ቁጥርም የተወለደበት ዓመት ነው። ከመንደሩ ብዙም ሳይርቅ፣ በምዕራብ ፖላንድ በቫርታ ወንዝ ዳር ጎዡቭ የተባለች፣ ከመቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። ከጎዡቭ ጥግ ደግሞ ቫቭሩቭ የሚባል መንደር አለ፤ በዚያ የሕፃናት ዡዠል ሜዳ አለ። ባርቶሽና ታላቅ ወንድሙ የተማሩት እዚህ ነው።

የሕፃናት ዡዠል ሲባል መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ሜዳው አጭር፣ ሞተሩም ከመቶ ሲሲ ብዙም የማይርቅ ትንሽ ነው እንጂ ሥርዓቱ ከትልቁ አይለይም፤ ጥብጣብ አለ፤ አራት ልጅ፣ አራት ዙር፤ ፍሬን የለም። ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ቀስ ብሎ መዞር፣ ከዚያ የግራ እግሩን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ጎማውን ትንሽ ማንሸራተት፣ በመካከሉም መውደቅ ይማራል። መውደቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ እጅን ዘርግቶ መሬት መደገፍ የለም፤ መሪውን ሙጭጭ ብሎ መያዝም የለም። በእጁ አንጓ ላይ አንድ ገመድ ታስሮለታል፤ ሲወድቅ ገመዱ ተመዝዞ ሞተሩን ያጠፋዋል። በዝቅተኛ ፍጥነት መቶ ጊዜ የወደቀ ልጅ በትልቁ ሞተር ላይ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ሰውነቱ የሚያደርገውን ያውቃል።

የቫቭሩቭ አስተማሪ ቦጉስዋቭ ኖቫክ ነበር። በ1977 የፖላንድ ሻምፒዮን የነበረ፣ ለጎዡቭ ቡድን ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ በሜዳ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልሄደም። ሕፃናቱን ያስተማረው እንግዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ከሜዳው ዳር እየተመለከተ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጨዋታ እግሩን ያሳጣው ሰው የሌላውን ሰው ልጅ ለምን ወደዚያው ይመራዋል? እኔም ጠይቄአለሁ። የራሱን ልብ መናገር የእኔ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እናት ልጅዋን ይዛ ወደ ቫቭሩቭ ስትመጣ አስተማሪው በወንበሩ ላይ ሆኖ ይቀበላታል። አደጋው በትናንሽ ፊደል አልተጻፈላትም፤ ከፊትዋ ተቀምጧል። ብዙ ቦታ ልጆችን ወደ ሩጫ፣ ወደ ቦክስ፣ ወደ ሌላም ነገር የሚወስዱ ሰዎች ሜዳሊያውን አሳይተው ጠባሳውን ይደብቃሉ። እዚህ ጠባሳው ራሱ መምህር ነበር።

ለልጅ የተቀመጠ ወንበር

ነገር ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ብቻውን አይበቃም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ ክፍት ቦታ ከሌለ ችሎታ በኪስ ውስጥ ይቀራል። የፖላንድ ሊግ ሀብታም ነው፤ ከዓለም ዳርቻ የታወቁ ነጂዎችን እየጠራ ያመጣል። እንዲህ ሲሆን የ17 ዓመት ልጅ ማን ያሰልፈዋል? ገንዘብ ያለው ቡድን ሁሉ የተሠራ ሰው መግዛት ይመርጣል።

መልሱ ሕግ ሆኖ ተጽፏል። እያንዳንዱ ቡድን ከ21 ዓመት በላይ ያልሆኑ ሁለት የአገሩ ልጆችን የማሰለፍ ግዴታ አለበት። አንድ ግጥሚያ 15 ሩጫ አለው፤ በእያንዳንዱ ሩጫ 6 ነጥብ ስለሚከፋፈል ድምሩ 90 ይሆናል፤ 46 ያገኘ አሸነፈ። ከእነዚህም ውስጥ ሁለተኛው ሩጫ የልጆቹ ብቻ ነው፤ ከዚህ ቡድን ሁለት፣ ከዚያኛው ሁለት። ልጆቹ በሌሎች ሩጫዎች ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር ይሰለፋሉ።

ይህች ትንሽ ሕግ የምትሠራው ሥራ የሚያስገርም ነው። የአንዱ ቡድን ልጆች አንደኛና ሁለተኛ ቢወጡ በዚያች ደቂቃ 5 ለ 1 ይመራሉ፤ አራት ነጥብ ብልጫ ማለት ነው። ብዙ ግጥሚያ የሚያልቀው ከዚህ ባነሰ ልዩነት ነው። ስለዚህ ልጅ ያላሳደገ ቡድን የዓለም ሻምፒዮን ቢኖረውም ይሸነፋል፤ ሻምፒዮኑ በሁለተኛው ሩጫ መንዳት አይችልምና። ሥራ አስኪያጁ ልጆችን የሚያሠለጥነው ለልጆች ስለሚራራ ላይሆን ይችላል፤ በነጥብ ስለሚያስፈልጉት ነው። ለእኔ የሕጉ ብልኅነት ይህ ነው። በጎ ፈቃድ ሲደክም ጥቅም አይደክምም።

ልጁም በዚህ ወንበር ለመቀመጥ በፈተና ማለፍ አለበት። በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ግድም በትልቁ 500 ሲሲ ሞተር በሜዳ ላይ ይፈተናል፤ የውድድሩንም ሕግ ማወቁ ይጠየቃል፤ ሲያልፍ ፈቃድ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚማረው በአብዛኛው ከሞተሩ ውጭ ነው። ሜዳው ከሩጫ ሩጫ ይለዋወጣል፤ በመጀመሪያ ከውስጥ ጥግ ፈጣን የነበረው መስመር አፈሩ ተጠርጎ ወደ ውጭ ሲሄድ ይሞታል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ሌላ፣ ውሀ ሲረጭ ሌላ ነው። ነጂው ይህን አይቶ ለመካኒኩ የሰንሰለቱን ጥርስ ቁጥር እንዲለውጥ፣ ፍሪሲዮኑን እንዲያስተካክል ይነግረዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ነው። ልጆች በዚህ ይቸገራሉ፤ አርጅቶ ፍጥነቱ የቀነሰ ነጂ የ18 ዓመቱን ልጅ የሚያሸንፈው በዓይኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ቡድን ሲሆኑ ግን ሽማግሌው «ከውጭ ሂድ፤ ከውስጥ ያለው አፈር አልቋል» ብሎ ይነግረዋል።

ዝማርዝሊክ በዚህ ወንበር ተቀምጦ አድጓል። በ2011 በጎዡቭ ቡድን በትልቁ ሊግ ጀመረ። በ2012 ግራንድ ፕሪው ወደ ጎዡቭ ሲመጣ ለአንድ ቀን የተጋበዘ የ17 ዓመት ልጅ ሆኖ ሦስተኛ ወጣ። በ2014 በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ዓይነት ግብዣ፣ በ19 ዓመቱ አሸነፈ፤ ከእርሱ በፊት ግራንድ ፕሪ ያሸነፉት ሁሉ ሲያሸንፉ በዕድሜ ይበልጡት ነበር። ቢሆንም ሙሉ ተወዳዳሪ የሆነው በ2016 ነው። በ2015 ከ21 ዓመት በታች ባሉት መካከል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2016 ከትልልቆቹ ሦስተኛ፣ በ2018 ሁለተኛ፣ በ2019 አንደኛ። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲወጣ አንድ እንኳን አልዘለለም። ዎፊንደን ያጣውን ጊዜ እርሱ አግኝቷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎች ያውቁታል፤ 2020፣ 2022፣ 2023፣ 2024። በ2025 ደግሞ አውስትራሊያዊው ብሬዲ ከርትዝ እስከ መጨረሻው ቀን ተናንቆት በአንድ ነጥብ ብቻ አሸነፈው፤ ስድስተኛ ዘውዱ ሆነ። ስድስት ጊዜ ያገኙት ከእርሱ በፊት የኒውዚላንዱ አይቫን ሞገርና የስዊድኑ ቶኒ ሪካርድሰን ብቻ ነበሩ። ጎዡቭ ግን እነዚህን ዘውዶች ሁሉ አላየችም፤ ዝማርዝሊክ ከ2023 ጀምሮ ለሉብሊን ነዳ። ያሳደገ ሌላ፣ የበላ ሌላ። የፖላንድ ሕግ ለልጁ ወንበር አስቀምጧል፤ ልጁ ካደገ በኋላ ግን ካሳደገችው ከተማ ጋር የሚያስቀረው ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይገባውም ባይ ነኝ።

የሚከፈለው

አሁን የሚከብደውን ልናገር። በ2016 የታርኑቭ ቡድን ወጣት ክሪስቲያን ሬምፓዋ በሪብኒክ ሜዳ በግጥሚያ ላይ ወድቆ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። አባቱም የስፒድዌይ ነጂ ነበር። ከእርሱ አንድ ዓመት በፊት አውስትራሊያዊው ዳርሲ ዋርድ፣ በ2009ና በ2010 የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን የነበረው፣ ዜሎና ጉራ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ፤ ዕድሜው 23 ነበር። በ2017 ደግሞ የ2010 ሻምፒዮን ቶማሽ ጎሎብ፣ በስፒድዌይ ሳይሆን በሞቶክሮስ ልምምድ ላይ፣ እንዲሁ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ።

እነዚህን ስሞች ዘልዬ ስለ ዘውዱ ብቻ ብጽፍ ለወጣት አንባቢዎቼ ውሸት ይሆንብኛል። የጥንቃቄው ነገር ከድሮው እጅግ ተሻሽሏል፤ በመታጠፊያው ላይ እንጨትና ሽቦ በነበረበት ቦታ አሁን በአየር የተሞላ አጥር ቆሟል፤ ጀርባን የሚከላከል ጋሻ፣ አገጭ ድረስ የሚሸፍን የራስ ቁር አለ። ይሁን እንጂ ከሰባ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በሰው ላይ ሲወድቅ የሚያድነው ልብስ እስካሁን አልተሰፋም። አንዳንዶች «እንግዲያው ይከልከል» ይላሉ። እኔ ከእነዚህ ወገን አይደለሁም። ቢከለከል ልጆች ሞተር መንዳት አይተዉም፤ የሚተዉት አስተማሪውን፣ አጥሩንና የአንጓውን ገመድ ነው። ነገር ግን ልጁን ወደ ሜዳ ያገባ ሁሉ፣ አባትም ቡድንም፣ ደረጃውን በትክክል የመሥራት ዕዳ አለበት። ደረጃ መዝለል በዚህ ጨዋታ ከሰነፍነት ይልቅ ወንጀል ይመስለኛል።

ለዚህም ይመስላል የዓለም የሞተር ቢስክሌት ፌዴሬሽን መሰላሉን ወደ ታች ያረዘመው። ከ11 እስከ 13 ዓመት ላሉት በ190 ሲሲ፣ ከዚያ እስከ 16 ዓመት በ250 ሲሲ፣ ከዚያ እስከ 21 ዓመት በ500 ሲሲ ለየብቻ የዓለም ውድድር አቋቁሟል። ከ250 ወደ 500 የሚደረገው እርምጃ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ትንሹ ሞተር ስሕተትን ይቅር ይላል፤ ትልቁ ግን ያስከፍላል።

ሌላው ገደል 21 ዓመት ነው። ልጁ ወጣት በነበረ ጊዜ ሕግ ወንበር አስቀምጦለት ነበር፤ ዕድሜው ሲያልፍ በአንድ ክረምት ውስጥ ከዴንማርክ፣ ከስዊድን፣ ከአውስትራሊያ ከሚመጡት ጋር እኩል ይሰለፋል። ደመወዙ በወር አይደለም፤ ባመጣው ነጥብ ልክ ነው፤ ሞተሩን የሚገዛውም መካኒኩን የሚቀጥረውም ከዚያው ነው። (የወር መጨረሻን የሚጠብቅ አንባቢ ራሱን በዚህ ቦታ አድርጎ ያስብ፤ አራተኛ የወጣ ቀን ምንም የለም።) ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች በዚህ ዕድሜ ጠፍተዋል። የፖላንድ ሰዎች ይህን አይተው ከ2021 ጀምሮ እያንዳንዱ የትልቁ ሊግ ቡድን ከ24 ዓመት ያልበለጠ አንድ ነጂ እንዲኖረው አዘዙ፤ በ2022 ደግሞ ለዚሁ ዕድሜ የተለየ ሊግ ከፈቱ። ይህ ሁለተኛው ሕግ የውጭ አገር ልጆችንም ስለሚያስገባ ለአገሩ ልጅ እንደ መጀመሪያው አልጠቀመውም የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩም እውነት አለበት።

እስከዚያው ድረስ ግን በየሳምንቱ የመጀመሪያው ሩጫ አልቆ የትልልቆቹ ሞተር ድምፅ ሲበርድ አራት ልጆች ወደ ጥብጣቡ ይመጣሉ። ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል፤ ያዘገየ ይወጣል። በጫማቸው አፈሩን ጠረግ ጠረግ አድርገው ለኋላ ጎማቸው ጠንካራ መሬት ይፈልጋሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ የራስ ቁር ለብሰዋል፤ ፊታቸው ስለማይታይ ማን የ16፣ ማን የ20 ዓመት ልጅ እንደ ሆነ ከመቀመጫ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም። መካኒኮቹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። አራቱም ግራ እጃቸው ፍሪሲዮን ላይ፣ ዓይናቸው ጥብጣቡ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ ገና 13 ሩጫ ይቀራል።